የሰው ዕዳ ለደብር በሚሰጥ ስጦታ ይከፈላልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ካለፈው ዕትም ወዲህ ለዚህ ዐምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከጎጃም የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስለንም፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዷ የቤት እመቤት ናት። «እግዚአብሔር ምን አዝዟል?» ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም፤ አሥሩን ትእዛዛትማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሟቸው አድገዋል። ያስቸገራቸው ትእዛዙ ከገንዘብ፣ ከመሬትና ከዘመድ ጋር በተጋጨ ጊዜ የትኛው ለየትኛው መንገድ መልቀቅ እንዳለበት ነው። ስማቸው እንዳይወጣ ያሳሰቡትን ስማቸውን ትተናል፤ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎችም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እኔ በቢቸና አካባቢ ከገበሬ ጤፍ እየገዛሁ ወደ አዲስ አበባ የምልክ ነጋዴ ነኝ። ለብዙ ዓመት ከእያንዳንዱ ኩንታል ላይ «ለጆንያው» እያልሁ 2 ኪሎ ስቀንስ ኖሬአለሁ። ባዶው ጆንያ ግማሽ ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ አውቃለሁ። ሌላውም ነጋዴ እንደዚሁ ያደርጋል። ዘንድሮ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍና ጃንጥላ ለመስጠት ተስያለሁ። ይህ ስጦታ ያለፈውን ይክስልኛልን? — ስሜ አይጠቀስ

መልስ፦ አይክስልዎትም። ምክንያቱን ከመግለጻችን በፊት ግን መጠየቅዎን እናመሰግናለን፤ ብዙ ሰው ምንጣፉን አንጥፎ ዝም ይላልና።

ነገሩን ከገበሬው በኩል ይመልከቱት። ሰውየው ሌሊት ተነሥቶ ጤፉን በአህያ ጭኖ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ገበያ ይደርሳል። ሚዛኑን የያዘው የእርስዎ ሰው ነው፤ ቁጥሩ ያለበት ገጽ የሚታየውም ለሚመዝነው እንጂ ለባለ ጤፉ አይደለም። የሚመዝነው ቁጥሩን ይጠራል፤ «ለጆንያ 2» ይላል፤ ገበሬውም «ይሁን» ይላል። ይህ «ይሁን» ግን ስምምነት አይደለም። በዚያው ቀን የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፍል፣ ጨውና ዘይት ገዝቶ የሚመለስ ሰው ጭነቱን እንደገና በአህያ ጭኖ ወደ ቤቱ ሊወስደው እንደማይችል ገዢውም ሻጩም ያውቃሉ። እርስዎ የገዙት ጤፉን ነው፤ እነዚያን ኪሎዎች ግን ያገኟቸው ገበሬው አማራጭ ስላልነበረው ነው። ሌላው ነጋዴ ሁሉ እንዲሁ ማድረጉም የገበሬውን ማጣት ያበዛዋል እንጂ የእርስዎን በደል አያሳንሰውም፤ ወደየትም ቢሄድ ያው ሚዛን ይጠብቀዋልና።

የሙሴ ሕግ ስለዚህ ጉዳይ የሚናገረው በግልጽ ነው። ዘሌዋውያን 19፥35 እና 36 በመለኪያና በሚዛን ዐመፅ እንዳይደረግ ያዝዛል፤ ዘዳግም 25፥13 ደግሞ አንድ ሰው በከረጢቱ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ የሆነ ሁለት ዓይነት መመዘኛ እንዳይዝ ይከለክላል። ሲገዙ በአንዱ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲሸጡ በሌላው የሚመዝኑ ከሆነ ይህ ቃል የተጻፈው ለእርስዎ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። ዘኍልቍ 5፥6-8 ባልንጀራውን የበደለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። በመጀመሪያ ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ቀጥሎ የወሰደውን በሙሉ፣ አንድ አምስተኛ ጨምሮ፣ ለተበደለው ሰው ይመልሳል። ተበዳዩ ከሌለና የሚቀበልለት ዘመድም ከታጣ፣ ያን ጊዜ ብቻ ካሳው ለእግዚአብሔር ሆኖ ለካህኑ ይሰጣል። እግዚአብሔር ራሱን በመጨረሻው ተራ እንዳስቀመጠ ልብ ይበሉ። እርስዎ ግን ከመጨረሻው ሊጀምሩ አስበዋል።

ዘኬዎስም በሉቃስ ወንጌል 19፥8 ሁለት ነገር ተናግሯል፤ ሰዎች ግን እንደ አንድ ነገር አድርገው ያነቡታል። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ አለ፤ ይህ ምጽዋት ነው። ያታለልሁትም ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ይህ ዕዳ ነው። ምጽዋቱን በዕዳው ቦታ አልተካውም፤ ሁለቱንም ለየብቻ ሊከፍል ቃል ገባ።

የመጽሐፈ ሲራክ ቃል ከዚህም የከበደ ነው፤ ከድሆች ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርብን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያስተካክለዋል። ዮሐንስ አፈወርቅም በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ትምህርት፣ ክርስቶስን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሐር እያከበሩ በደጅ ታርዞ ሲያዩት ማለፍ እንደማይገባ አጥብቆ ነግሮናል። እርስዎ የሚገዙት ምንጣፍ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ነው። (ስጦታውን የሚቀበለው ሰበካ ጉባኤም ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ማፈሩን ቢተው መልካም ነበር።)

ስለዚህ የሒሳብ ደብተርዎን ያውጡ። ጆንያው ግማሽ ኪሎ ይመዝናል ብንል እንኳ ያለአግባብ የወሰዱት በኩንታል 1 ኪሎ ተኩል ነው፤ አንድ አምስተኛው 300 ግራም ሲጨመርበት 1 ኪሎ ከ800 ግራም ይሆናል። ከአንድ ገበሬ በተለያየ ጊዜ 20 ኩንታል ገዝተው ከሆነ 36 ኪሎ ጤፍ፣ ወይም በዛሬ ዋጋ ልክ ገንዘቡን ይመልሱለታል ማለት ነው። ደንበኞችዎን ያውቋቸዋል፤ ከእነርሱ ይጀምሩ። በአደባባይ መናዘዝ አይጠበቅብዎትም፤ «በሒሳብ የተሳሳተ ነበረብኝ» የሚል ሰበብም አይፍጠሩ፤ «ከሚዛን ላይ የወሰድሁብህ ነው፤ ይቅር በለኝ» ማለት ይበቃል። ማን እንደነበረ የማያስታውሱትን ሰው ድርሻ፣ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተማክረው፣ ጤፉ በመጣበት ቀበሌ ላሉ ችግረኞች ይስጡ። የሚመዝንልዎትንም ሠራተኛ ያነጋግሩት፤ በእርስዎ ትእዛዝ የበደለ ሰው ነውና። ከእንግዲህ ባዶው ጆንያ ገበሬው እያየ ይመዘን፤ የሚዛኑም ገጽ ወደ እርሱ ይዙር።

ስለቱስ? ስለት ይከፈላል፤ መክብብ 5፥4 እንዳይዘገይም ያዝዛል። የሚከፈለው ግን ከዛሬ ጀምሮ በቀና ሚዛን ከሚያገኙት ትርፍ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በሕይወት ሳለ ከጎረቤታችን ከባልቴቲቱ እርሻ ድንበር ገፍቶ ነበር። በየዓመቱ አንድ ትልም እየጨመረ አርሶ፣ የወሰኑን ድንጋይ ቀስ በቀስ አራቀው። አሁን መሬቱ በውርስ የእኔ ሆኗል። ልመልስ ስል እናቴ «የሞተ አባትህን በመቃብሩ አታሳፍረው» ትለኛለች። እኔ ያልሠራሁት ኃጢአት የእኔ ይሆናልን? — ከማቻከል

መልስ፦ ኃጢአቱ የእርስዎ አይደለም። ሕዝቅኤል 18፥20 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ቢሉ፣ ከበደል የሚነጻው የትኛው ልጅ እንደሆነም ተነግሯል፤ አባቱ የሠራውን በደል አይቶ እንደ እርሱ ያላደረገው ነው። ድንጋዩን ያራቀው አባትዎ ናቸው፤ በዚያ መሬት ላይ የሚመጣውን ክረምት ጤፍ የሚዘራው ግን እርስዎ ነዎት።

የናቡቴን ታሪክ ያስታውሱ (1ኛ ነገሥት 21)። ንጉሥ አክዓብ የተመኘውን የወይን ቦታ ናቡቴ አልሰጥም ቢለው ናቡቴ በሐሰት ምስክር ተገደለ። አክዓብ ግን የሐሰት ምስክር አላቆመም፤ ደብዳቤውን የጻፈችው ሚስቱ ኤልዛቤል ናት። እርሱ አኩርፎ ተኝቶ ነበር፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ወደ ወይኑ ቦታ መውረድ ብቻ ነው። ኤልያስ ያገኘውና «ገደልህ፤ ደግሞም ወረስህ» ብሎ የወቀሰውም እዚያው፣ ሊረከብ በወረደበት ቦታ ነው። በሌላ ሰው እጅ የተሠራውን በደል አውቆ መረከብ በእግዚአብሔር ፊት ከሥራው እንደሚያገባ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አናውቅም። ዘዳግም 27፥17 ደግሞ የባልንጀራውን ወሰን የሚያፈርሰውን በእርግማን ይይዘዋል፤ ሕዝቡም «አሜን» እንዲል ያዝዛል።

እናትዎን ማክበር ትእዛዝ ነው፤ አባትዎንም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ለአባትዎ ፍትሐት እያስፈቱ፣ ቁርባን እያስቆረቡ፣ የወሰዱትን መሬት ይዞ መቆየት ለነፍሳቸው የሚቆረቆር ልጅ ሥራ አይመስለንም። እናትዎንም በዚሁ መንገድ ቢያስረዷቸው ይሻላል፤ የሚያሳፍረው ባልቴቲቱ በየማኅበሩ የሚያነሡት እሮሮ እንጂ የልጃቸው መመለስ አይደለም።

አፈጻጸሙን በተመለከተ፣ እርሻ ሳይጀመር፣ ግንቦት ሳይገባ ወደ ባልቴቲቱ ይሂዱ። ድንጋዩ የት እንደነበር የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ይያዙ። የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ባለሙያም ተገኝቶ በሁለታችሁም የይዞታ ደብተር ላይ እንዲስተካከል ያድርጉ፤ በቃል ብቻ ከቀረ ነገ በልጆቻችሁ መካከል ሌላ ክስ ይነሣል። ቀደም ሲል ስለተበላው እህል ደግሞ ባልቴቲቱ በሬ ከሌላቸው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ እየሰጡ ግማሹን የሚያጡ ይሆናሉ። በራስዎ በሬዎችና ጉልበት ጥቂት ክረምት አርሰውላቸው እህሉ በሙሉ ወደ ጎተራቸው ቢገባ፣ ከገንዘብ ካሳ ይልቅ የሚጠቅማቸው ይህ ሊሆን ይችላል። ምርጫው ግን የእርሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ ልብስ እየሸጥሁ «ማርያምን» ማለት ልማድ ሆኖብኛል። በእውነት ከማልሁስ ኃጢአት አለውን? — ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ በማቴዎስ ወንጌል 5፥34-37 ጌታችን ጨርሶ አትማሉ ብሏል፤ ቃላችን አዎን ወይም አይደለም እንዲሆን ነው ያዘዘው። በእውነት መማልና በሐሰት መማል እኩል ናቸው አንልም። ነገር ግን በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚምሉ የማያውቁ ሰው ስንቱ እውነት እንደነበረም አያውቁም። የመጨረሻ ዋጋዎን አንድ ጊዜ ይናገሩና ዝም ይበሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ገዢ ይሄድብዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኔታ፣ ታላቅ ወንድሜ ሠርግ ላይ በተነሣ ጠብ ተገደለ። ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሮ ነበር፤ አሁን ፍርዱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። አጎቶቼ «የወንድምህ ደም ከምድር ይጮኻል፤ መጽሐፍም ይላል» ይሉኛል። አክስቴ ለቅሶ በሄደችበት ሁሉ ሙሾ ስታወርድ እኔን ትነካለች። ሽማግሌዎች ለዕርቅ መጥተው አባቴ ዝም አለ፤ እኔ ምን እንደማደርግ እየጠበቀ ይመስለኛል። ይቅር ብል ወንድሜን መክዳት አይሆንብኝም? — ከደጋ ዳሞት

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። ጥያቄዎን በሁለት ቃል የምንመልሰው አይደለም።

አጎቶችዎ መጽሐፍ ጠቅሰዋልና ከመጽሐፉ እንጀምር። የጠቀሱት ዘፍጥረት 4፥10ን ነው። በዚያ ቦታ እግዚአብሔር ቃየንን የወንድምህ የደሙ ድምፅ ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል ብሎታል። ወደ እኔ ነው ያለው። የአቤል ደም ወደ ሌላ ወንድም፣ ወደ አጎት፣ ወደ ጠመንጃ አልጮኸም። በቁጥር 15 ላይ ደግሞ አጎቶችዎ ያላነበቡት አለ፤ ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው እግዚአብሔር ለቃየን ምልክት አደረገለት። ደሙን የሰማ አምላክ ገዳዩን ከደም መላሽ ጠብቆታል። ይህ የሆነው ቃየን ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ፍርዱን እግዚአብሔር ለራሱ ስላስቀረ ነው። ዘዳግም 32፥35 ይህንኑ ይላል፤ ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ 12፥19 ራሳችሁ አትበቀሉ ብሎ ሲያዝዝ የጠቀሰው ይህንኑ ቃል ነው።

ደም መመለስ በእስራኤልም ዘንድ የነበረ ልማድ ነው። ሕጉ ግን እየገደበው ሄደ። ዘኍልቍ 35 ስድስት የመማፀኛ ከተሞች እንዲለዩ ያዝዛል፤ ሳያስብ የገደለ ሰው ወደዚያ ሸሽቶ በማኅበሩ ፊት ሳይቆም እንዳይሞት፣ አስቦ የገደለውም በአንድ ምስክር ብቻ ሞት እንዳይፈረድበት ይከለክላል። ነገሩ ከቤተሰብ እጅ ወጥቶ ወደ ዳኛና ወደ ምስክር የተላለፈው ገና በብሉይ ኪዳን ነው። በእርስዎ ጉዳይም ዳኛ ተቀምጦ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ፍርድ ተሰጥቶ ተፈጽሟል። ፍርዱ ቀለለ ብለው ሊያዝኑ ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ የሚጨምሩት ግን ፍርድ ሳይሆን ሁለተኛ ግድያ ነው።

«ወንድ» ስለሚለው ነገርም አንድ ቃል እንጨምር፤ ደብዳቤዎ ውስጥ በግልጽ ባይጻፍም ከአክስትዎ ሙሾ በስተጀርባ ያለው እርሱ ነውና። ዳዊት ሳኦልን በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ አግኝቶታል (1ኛ ሳሙኤል 24)። ሳኦል ሊገድለው ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ የወጣ ጠላቱ ነው። የዳዊት ሰዎች «እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ የሰጠህ ዛሬ ነው» ብለው ጎተጎቱት፤ እነርሱም እንደ አጎቶችዎ የእግዚአብሔርን ስም ጠርተዋል። ዳዊት የልብሱን ጫፍ ቆርጦ ተወው፤ በዚያም ልቡ መታው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ እንዳይነሡበት ከለከላቸው። ጎልያድን የጣለ ሰው ነውና ፈሪ ነበር የሚል አይኖርም።

አሁን ይቅርታ ማለት ምን እንዳልሆነ እንንገርዎ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ይቅር ማለት ወንድምዎ የሞተው በትክክል ነው ማለት አይደለም። ገዳዩን መውደድ በልብዎ እስኪሰማዎት መጠበቅም አይደለም፤ ያ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በየቀኑ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል በደላችንን ይቅር በለን» እያሉ የሚጸልዩትን ጸሎት በእጅዎ አለማፍረስ ነው፤ መጀመሪያው እርሱ ነው። በሉቃስ 6፥28 ስለሚበድሉን እንድንጸልይ ታዘናልና፣ ዛሬ ማታ ከጸሎትዎ መጨረሻ ላይ የሰውየውን ስም ይጥሩ። የክርስትና ስሙን ባያውቁት በሚያውቁት ስም ይበቃል። ምን እንደሚለምኑለት ካልመጣልዎ ስሙን ብቻ ጠርተው ይተዉት።

ከአባትዎ ጋር ለብቻችሁ ተነጋገሩ። ዝምታቸው የእርስዎን መግደል የሚጠብቅ መስሎዎታል፤ እኛ ግን ከደብዳቤዎ ሌላም ነገር አንብበናል፤ ሁለተኛ ልጃቸውን የማጣት ፍርሃት ሊሆን ይችላል። «እኔ ለዕርቅ ፈቃደኛ ነኝ» ብለው አስቀድመው ከነገሯቸው ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የሚመልሱላቸው ቃል ያገኛሉ። ንስሐ አባትዎም ይወቁት፤ ዕርቁ የሚፈጸመው በመስቀል ፊት ነውና ካህን ከመጀመሪያው ቢኖርበት ይመረጣል። ስለ ካሳ ሲነሣ ወንድምዎ ልጆች ካሉት ገንዘቡ ለእነርሱ ማሳደጊያ እንዲሆን ከወዲሁ ያስወስኑ፤ ለድግስና ለአጎቶች መከፋፈያ እንዳይውል ይጠንቀቁ። አክስትዎ ሐዘንተኛ ናቸው፤ አይቆጧቸው፤ ነገር ግን በሙሾ ስምዎን እንዳያነሡ በሽማግሌ ይለምኗቸው።

ዕርቁ እስኪያልቅ ድረስ ከሰውየው ጋር የሚገናኙበትን ገበያና ንግሥ ይተዉ፤ ጠላና አረቄ ባለበትም አይቀመጡ። መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ለጊዜው ከእጅዎ የራቀ ይሁን። ይህን የምንለው ስለማናምንዎ አይደለም፤ ወንድምዎን የገደለው ሰውም በዚያች ቀን ጠዋት ሲነሣ ነፍሰ ገዳይ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ከገጠር የመጣች ልጅ ቤታችን ትሠራለች። ደመወዟን «እንዳታባክነው» ብለን እኛው ዘንድ አስቀምጠንላት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አሁን ልሂድ ስትል ባለቤቴ የሰበረችው ዕቃና የበላችው ይቀነስ ይላል። እሑድም እኛ ስናስቀድስ እሷ ቤት ትጠብቃለች። እኔ ልቤ አልተቀበለውም፤ ነገር ግን ከባለቤቴ ጋር መጣላት አልፈልግም። — ከባሕር ዳር

መልስ፦ እኅታችን፣ ልብሽ ልክ ነው። ዘዳግም 24፥15 ለድኻው ሠራተኛ ደመወዙን ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጡት ያዝዛል፤ ልቡ ተስፋ የሚያደርገው እርሱን ነው ይላል። ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ 5፥4 የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮህና የሠራተኞቹም ጩኸት ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደገባ ጽፏል። «አስቀመጥንላት» የሚለው ቃል ገንዘቡ በስሟ ባንክ ከገባ እውነት ነው፤ በቤት ወጪ ውስጥ ከገባ ግን ሳትጠየቅ ያበደረቻችሁ ገንዘብ ነው።

የበላችው አይቀነስም። ስትቀጠር ምግቧና ማደሪያዋ ከደመወዟ ጋር የተነገረ ነው። ሳታስበው ለሰበረችው ብርጭቆም የራስሽ ልጅ ቢሰብረው ከምን ላይ ይቀነስ እንደነበር ባለቤትሽን በቀስታ ጠይቂው። ከጭቅጭቅ ይልቅ ሒሳብ ይሻላል፤ በወረቀት ላይ የወራቱን ቁጥርና የተስማማችሁበትን ደመወዝ ጽፈሽ፣ በየጊዜው የተሰጣትን ቀንሰሽ፣ ቀሪውን አሳዪው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚያስቸግረው ጠቅላላው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ማየቱ ነው። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ የተወሰነውን አሁን፣ የቀረውን ቀን ቆርጣችሁ ለወላጆቿ አድርሱ፤ ለመንገዷም ጨምሩላት።

እሑድን በተመለከተ፣ ዘፀአት 20፥10 የዕረፍትን ቀን ሲያዝዝ «ገረድህም» ብሎ በስም ጠርቷታል። ዘዳግም 5፥14 ምክንያቱንም ይጨምራል፤ ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ነው ይላል። የቤቱ ሰው ሁሉ ተራ ገብቶ ቤት መጠበቅ ይችላል። የሚቀጥለውን እሑድ ባለቤትሽ ቢጠብቅ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ አንድ ወር ሆነው። ዘመዶቹ ለ40ው በሬ ታርዶ፣ ድንኳን ተጥሎ ተዝካር ካልወጣ ስሙ ይጠፋል ይሉኛል። ያለኝ አንዲት ላምና ለልጆቼ ትምህርት ያስቀመጥሁት ጥቂት ብር ነው። ብበደር ይሻላልን? — ከደብረ ማርቆስ አካባቢ

መልስ፦ እኅታችን፣ አትበደሪ። እግዚአብሔር ነፍሱን በደጋግ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልሽ።

በ40ኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ጸሎት ነው፤ ፍትሐቱ ይደረግ፣ ቅዳሴው ይቀደስ፣ ስሙ ይጠራ። ይህ የበሬ ዋጋ አያስወጣም። ድግሱ የመጣው ከጸሎቱ በኋላ ለድኻ ከሚሰጠው ምጽዋት ነው። ስለዚህ መለኪያው ማን በላ የሚለው ነው። በሉቃስ ወንጌል 14፥12-14 ጌታችን ወንድሞችህን፣ ዘመዶችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ ድኾችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን ጥራ፤ የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብሏል። በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሥጋ የሚበላው ዘመድ ከሆነ፣ በደጅ የቆመው ነዳይ ደግሞ አጥንት የሚጠብቅ ከሆነ፣ ስሙ ተዝካር ቢባልም ምጽዋትነቱ ጠፍቷል።

ዘመዶቹንም በክፋት አንወቅሳቸውም፤ የወንድማቸው ነገር አንገብግቧቸው ይሆናል። ነገር ግን በማርቆስ ወንጌል 12፥40 ጌታችን ከገሠጻቸው ሰዎች መካከል የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ይገኙበታል፤ እነርሱም ጸሎት የሚያስረዝሙ ነበሩ። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን የካደ ነው ይላል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8)፤ በዚያው ምዕራፍ መበለት ያላቸው ምእመናን ራሳቸው እንዲረዷት ያዝዛል። ትእዛዙ አንቺ ለእነርሱ እንድትደግሺ ሳይሆን እነርሱ አንቺን እንዲረዱሽ ነው። የልጆችሽ ትምህርት ባለቤትሽ ትቶልሽ የሄደው ዕዳ ነው፤ ገንዘቡ ከዚያ አይነካ።

ይህን ለዘመዶቹ አንቺ ራስሽ መናገር ይከብድሻል። የባለቤትሽ ንስሐ አባት ማለዳ መጥተው እንዲነግሯቸው ለምኚ፤ ቃሉ ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ «ስስት ነው» የሚል አይኖርም። ለዕለቱ እንጀራና ንፍሮ በአቅምሽ አዘጋጂ፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡት ይታደል። እድራችሁ ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ ካለም ለድንኳን ከምታውዪው ለዚህ ይሁን። ዘመዶቹ በሬ ማረድ ከፈለጉ ግን አትከልክያቸው፤ ከራሳቸው በረት አምጥተው፣ በራሳቸው ቤት ደግሰው፣ ድኾችን ይጥሩ። አንቺ ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚገባ ንገሪያቸው።